ምዕራፍ ስድስት፦ በየመዝገቡ የተበተነ ወንጀል

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ የሚወርድ ሰው መሿለኪያን፣ ሪቼንና ጠመንጃ ያዥን አልፎ ላንቻ ይደርሳል። በመንገዱ መሀል ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር ይመላለስበታል፤ ዳርና ዳሩን ባንክ፣ ጋራዥ፣ ሱቅና ካፌ ይዞታል። ሲመሽ ወደ ሳሪስና ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ሠራተኛ ለታክሲ ይሰለፋል። እጁ ላይ ስልክ አለ፤ ዓይኑ የሚመጣውን ሚኒባስ ይጠብቃል። ለመንታፊ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም።

ላንቻ ከሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የከፋ ስለሆነ አይደለም ይህ ምዕራፍ ከዚያ የሚነሳው። የታክሲ ሰልፍ፣ የባቡር ጣቢያ፣ ሰፊ አውራ ጎዳናና ጠባብ ውስጥ ለውስጥ መንገድ በአንድ ቦታ ስለሚገናኙበት፣ የከተማ ወንጀል እንዴት እንደሚፈጠርና ማን ሊቀንሰው እንደሚችል ለማሳየት ይመቻል።

አንድ ጥግ፣ ስድስት መዝገብ

ለምሳሌ ያህል፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ጥግ በአንድ ወር ውስጥ አሥር ስልክ ተነጠቀ እንበል። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን የሰጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። የቀሩት ስምንቱ «ላይገኝ ምን ያደክመኛል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ የፖሊስ መዝገብ የሚያሳየው ሁለት የተለያዩ ገጠመኞችን ነው። መርማሪው በአንድ ጥግ አሥር ጊዜ የተደጋገመ ነገር እንዳለ አያውቅም።

አሥሩም ሰዎች ግን የሄዱበት አንድ ቦታ አለ፤ የጠፋ ሲም ካርድ ለመተካት የኢትዮ ቴሌኮም የሽያጭ ማዕከል። እዚያ አሥር ሰው ተመዝግቧል፤ የተመዘገበው ግን እንደ ደንበኛ አገልግሎት እንጂ እንደ ወንጀል አይደለም። ጤና ጣቢያው ደግሞ ቦርሳዋን አልለቅም ብላ ስትጎተት ወድቃ እጇ የተሰበረ አንዲት ሴት አክሟል፤ በካርዷ ላይ የተጻፈው «ወድቃ» የሚል ነው። መንገዶች ባለሥልጣን ዘንድ በዚያው ጥግ ያለው የመንገድ መብራት እንደማይሠራ የሚገልጽ ጥቆማ ተራ ይጠብቃል። ደንብ አስከባሪዎች የእግረኛ መንገዱ በሸቀጥ ስለተያዘ ሰው ወደ ጨለማው ዳር እየወረደ እንደሚሄድ አይተዋል። በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት ከመንፈቅ ዓመቱ ወዲህ ክፍል ገብተው የማያውቁ ልጆችን ስም ይዟል።

ከሁሉም የበለጠ የሚያውቀው ሰው ደግሞ መዝገብ የለውም። ተራ አስከባሪው በየምሽቱ እዚያ ነው የሚቆመው። ማን ሳይሳፈር ሰልፉን እንደሚዞር፣ የትኛው ሞተር ሳይክል ሳያጠፋ እንደሚጠብቅ፣ በስንት ሰዓት ትርምሱ እንደሚበዛ በደንብ ያውቃል። ጠይቆት የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ግን የለም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ከዚህ ምሳሌ ይወጣል። ወንጀልን ለመቀነስ የሚያስፈልገው እውቀት አብዛኛውን ጊዜ በከተማው ውስጥ አለ፤ ችግሩ በየቢሮው ተበጣጥሶ መቀመጡ ነው። መሥሪያ ቤቶች ተቀናጁ የሚባለው ቁርጥራጮቹ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ላይ ሲገጣጠሙና እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከገጠመው ምስል የራሱን ድርሻ ሲወስድ ነው።

ከሦስቱ ሁኔታዎች የፖሊስ ድርሻ የትኛው ነው?

በምዕራፍ ሁለት እንደተገለጸው፣ ላውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ አሜሪካውያን የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ቀላል የሚመስል ግን ብዙ በር የከፈተ ሐሳብ አቅርበዋል። ወንጀል እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና ሰዓት መገናኘት አለባቸው፤ ለማጥፋት የተዘጋጀ ሰው፣ የሚያጓጓ ዒላማ፣ እንዲሁም የሚከላከል ዓይን አለመኖር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወንጀሉ አይፈጸምም።

በምዕራፍ አራት ደግሞ ወንጀል በከተማ ላይ እንደ ዝናብ እኩል እንደማይዘንብ ታይቷል። ላውረንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ በሚኒያፖሊስ ከተማ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ ለፖሊስ ከተደወሉት ጥሪዎች ግማሽ ያህሉ የመጡት ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነበር።

ሁለቱ ሐሳቦች ሲጣመሩ አንድ ጥያቄ ያስነሳሉ። ወንጀል በጥቂት ቦታዎች ላይ ከተከማቸና በየቦታው ሦስት ሁኔታዎችን የሚፈልግ ከሆነ፣ እነዚያን ሁኔታዎች በእጁ የያዘው ማን ነው? ፖሊስ አጥፊውን መያዝ ይችላል፤ በአካል ቆሞ መጠበቅም ይችላል፤ በየጥጉ በየሰዓቱ ሊቆም ግን አይችልም። መብራቱ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። የተሰረቀ ስልክ ዋጋ ያውጣ ወይስ አያውጣ የሚለውን ቴሌኮሙና ገበያው ይወስኑታል። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጎዳና ላይ መዋል ሲጀምር ቀድመው የሚያዩት መምህሩና የወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ናቸው። ፖሊስ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ዕድር የሚያውቀው አሠራር

እንዲህ ያለ ቅንጅት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በየሰፈሩ በየጊዜው ሲሠራ ያየዋል።

ሌሊት ሰው ሲሞት የሐዘኑ ቤተሰብ ሁሉንም ነገር የሚያከናውንለት አንድ ቢሮ አይፈልግም። ጡሩምባ ነፊው ሰፈሩን ያስነሳል። ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ድንኳኑና አግዳሚው ይወጣል። ገንዘብ ያዡ በደንቡ የተወሰነውን ይከፍላል። ሴቶቹ ድስት ጥደው ንፍሮ ይቀቅላሉ። ጎልማሶቹ ወደ ቀብሩ ይሄዳሉ። ጸሐፊው ደግሞ መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል።

የዕድርን አሠራር አራት ነገሮች ያቆሙታል። የሆነውን ነገር ሁሉም በአንድ ጊዜ ያውቃል። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ድንኳን ተካዩ ንፍሮ ቀቃይ እንዲሆን አይጠየቅም። የተከፈለውና የተሠራው በመዝገብ ይሰፍራል። መቅረት ዋጋ ያስከፍላል።

መንግሥታዊ ቅንጅት ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው አራተኛው ላይ ነው። ስብሰባ ይጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ «በቅንጅት እንሠራለን» ይባላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን መብራቱን ማን ለምን እንዳልጠገነው የሚጠይቅ አይገኝም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው የወንጀልና የሥርዓት አልበኝነት ሕግ ትልቁ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ፖሊስና የአካባቢ አስተዳደር በየአካባቢው አንድ ላይ ተቀምጠው የወንጀሉን ሁኔታ እንዲያጠኑና የመቀነሻ ዕቅድ እንዲያወጡ ግዴታ ጣለባቸው፤ ከጊዜ በኋላ የእሳት አደጋ አገልግሎት፣ የጤና ተቋማትና የአመክሮ አገልግሎትም ተጨመሩበት። ቅንጅት ከመልካም ፈቃድ ወጥቶ የሥራ ግዴታ ሆነ፤ ስም መጥራት ተጀመረ ማለት ነው።

ከድንገተኛ ክፍል የወጣች ወረቀት

መረጃ መገጣጠም ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር ያሳየችው የዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ ናት። የታሪኩ ባለቤት ጆናታን ሼፐርድ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። በጠርሙስና በጡጫ የተሰነጠቁ ፊቶችን በየሳምንቱ መጨረሻ ይሰፋ ነበር። አንድ ነገር አስገረመው፤ እሱ ከሚሰፋቸው ቁስለኞች ብዙዎቹ በፖሊስ መዝገብ ውስጥ የሉም። ተጎጂዎቹ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ ፖሊስ ዘንድ አይሄዱም። በምዕራፍ አምስት «የማይታየው ወንጀል» የተባለው ይህ ነው።

መፍትሔው ለማመን እስኪከብድ ድረስ ቀላል ነበር። በድንገተኛ ክፍሉ መግቢያ ላይ ያለችው መዝጋቢ፣ በጥቃት ተጎድቶ የመጣውን ሰው ጥቂት ጥያቄ እንድትጠይቀው ተደረገ። የት ቦታ ነው የተመታኸው? በስንት ሰዓት? በምን? ስም አይላክም፤ የሕክምና ምስጢር አይወጣም። ቦታው፣ ሰዓቱና መሣሪያው ብቻ ተጠቃሎ ከፖሊስ መረጃ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ፖሊስ፣ የከተማው አስተዳደርና ሆስፒታሉ አንድ ላይ ተቀምጠው ካርታውን ያዩታል። ጠብ የሚበዛባቸው መሸታ ቤቶችና መንገዶች ተለዩ። የፖሊስ ቅኝት ሰዓትና መስመር ተለወጠ። ሰው የሚጋፋበት አንድ መንገድ ለእግረኛ ብቻ ሆነ። አንዳንድ መጠጥ ቤቶች ተሰብሮ ፊት የማይቆርጥ ብርጭቆ እንዲጠቀሙ ተደረገ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በጥቃት ተጎድተው ሆስፒታል የሚተኙ ሰዎች ቁጥር በካርዲፍ ከ100,000 ነዋሪ በወር ከ7 ወደ 5 ወረደ። በተመሳሳይ ጊዜ ለማነጻጸሪያ በተመረጡ 14 መሰል ከተሞች ከ5 ወደ 8 ወጣ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን አስልተው፣ አሠራሩ ባይኖር ኖሮ ሊደርስ ከሚችለው ጋር ሲተያይ 42 በመቶ ቅናሽ እንደታየ ደመደሙ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሐኪሙ ፖሊስ አልሆነም፤ ፖሊሱም ሐኪም አልሆነም። የተጨመረው አንዲት መዝጋቢ የምትጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎችና የሚተያዩበት ጠረጴዛ ነው። ላንቻ ያለበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል መገኛ ነው፤ በየወረዳውም ጤና ጣቢያ አለ። በካርዱ ላይ «ወድቃ» ከሚለው ቃል ጎን «የት? በስንት ሰዓት? ማን ጥሏት?» የሚሉ ጥያቄዎች ቢጨመሩ ያቺ እጇ የተሰበረ ሴት ለሰፈሩ ደኅንነት የምታበረክተው መረጃ ይኖራል።

ጋንዲ ሆስፒታል፦ ቢሮዎቹ ወደ ተጎጂዋ ሲመጡ

ቅንጅት በአዲስ አበባም ተሞክሯል፤ ምሳሌውም ከላንቻ ጥቂት የባቡር ፌርማታዎችን አልፎ ስታዲየም አካባቢ ይገኛል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2012 የጾታ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፍቷል።

ማዕከሉ ከመኖሩ በፊት የተለመደው ጉዞ ይህን ይመስል ነበር። አንዲት ተጎጂ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃል ትሰጣለች። ደብዳቤ ተጽፎላት ወደ ሆስፒታል ትላካለች። የሐኪም ማስረጃ ይዛ ወደ መርማሪው ትመለሳለች። ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ትቀርባለች። በየደረጃው ለማታውቀው ሰው የደረሰባትን እንደ አዲስ ትናገራለች። መንገዱ ሲረዝም ብዙዎች መሀል ላይ ይተዉታል፤ ያኔ አጥፊው ነጻ ይሄዳል።

ጊዜው ራሱ ይጎዳል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በሰውነትና በልብስ ላይ ያለ ማስረጃም ሰዓት እየቆጠረ ይጠፋል። ሰኞ ጠዋት የሚከፈት ቢሮ ዓርብ ማታ ለተጎዳች ልጅ አይደርስም።

በማዕከሉ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ የፖሊስ መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ተጎጂዋ ከቢሮ ቢሮ መዞሯ ቀርቶ ባለሙያዎቹ ወደ እሷ ይመጣሉ። አርአያው ቱቱዜላ የተባሉት የደቡብ አፍሪካ የእንክብካቤ ማዕከላት ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2000 በኬፕታውን ማነንበርግ ነበር የተከፈተው።

ከዚህም ቀደም ብሎ ሌላ ሙከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የአዲስ አበባ ፖሊስና ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት በፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥ የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎችን አቋቁመዋል። የወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ደግሞ ከአዋቂ በተለየ መንገድ እንዲያዙ ያዛል። ሕጉ በወረቀት ላይ ቢኖርም፣ ዳቦ ወይም ስልክ ሰርቆ የተያዘ ልጅ ጣቢያ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው ማን ነው የሚለው ነገር ዕጣውን ይወስነዋል። በሕፃናት ጥበቃ ክፍሎቹ ልጁን የሚቀበለው በሕፃናት አያያዝ የሠለጠነ ፖሊስና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ሆነ። ቀላል ጥፋት ያጠፉ ልጆች ከወላጆቻቸው ሳይለዩና ትምህርት ሳያቋርጡ በሰፈራቸው ምክርና ክትትል የሚያገኙበት ፕሮግራምም ተጀመረ። ዛሬ በደንብ የተያዘ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያ የታክሲ ሰልፍ ዙሪያ የማይገኝ ጎረምሳ ሊሆን ይችላል።

መብራቱ፣ ስልኩና ሰልፉ

ይህ ሁሉ ወደ ላንቻው ጥግ ሲመለስ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል።

መብራት ትንሽ ነገር ይመስላል። በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ሙከራ ተጨማሪ መብራት የሚተከልላቸው የመንግሥት መኖሪያ መንደሮች በዕጣ ተመረጡ። በዕጣ መመረጣቸው ልዩነቱ ከመብራቱ ብቻ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ያስችላል። በእነዚህ መንደሮች በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች 36 በመቶ ያህል ቀነሱ። በአዲስ አበባ የመንገድ መብራት ሲበላሽ የሚጠግነው መንገዶች ባለሥልጣን ነው፤ ኃይሉን የሚያቀርበው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው፤ መጥፋቱን መጀመሪያ የሚያየው ግን በየማታው የሚያልፍበት ፖሊስና ነዋሪ ነው። ወንጀል የበዛበት ጥግ ላይ ያለ አምፖል በጥገና ወረፋው ፊት እንዲሰለፍ ለማድረግ ፖሊስና ባለሥልጣኑ አንድ ዝርዝር መለዋወጥ ይበቃቸዋል።

የስልኩ ጉዳይ ይበልጥ ይገርማል። እያንዳንዱ ቀፎ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል የሚነካ ሰው ቁጥሩን በራሱ ስክሪን ላይ ያየዋል። ኔትወርክ የሚሰጠው ድርጅት የተሰረቀን ቀፎ በዚህ ቁጥር ለይቶ ሊዘጋው ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀፎ ምዝገባ ሥርዓት ሥራ ላይ አውሎ ነበር። የተዘጋ ስልክ ከመለዋወጫ በቀር ዋጋ የለውም። ዋጋ የሌለውን ደግሞ ማንም ሮጦ አይነጥቅም። ቁጥሩን ጽፎ ያስቀመጠ ተጎጂ፣ ቁጥሩን ተቀብሎ የሚመዘግብ ፖሊስ፣ የሚዘጋ ቴሌኮምና አገልግሎት የሰጠ ስልክ ሲገዛ ቁጥሩን የሚያጣራ ነጋዴ ሲገናኙ፣ ከሦስቱ ሁኔታዎች አንዱ ማለትም የሚያጓጓው ዒላማ ይጠፋል። አንዱ ከጎደለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ሰልፉስ? ተራ አስከባሪው፣ ሊስትሮው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛውና የባንኩ ጥበቃ በዚያ ጥግ ከማንኛውም ፖሊስ የበለጠ ሰዓት ያሳልፋሉ። ኮኸንና ፌልሰን ተከላካይ ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ጭምር ነው። እነሱን መሣሪያ ማስታጠቅ አያስፈልግም። ሰልፉ ከጨለማው ዳር ወደ ብርሃኑ በጥቂት ሜትር ቢዛወርላቸው፣ የቀጠናውን ፖሊስ በስም ቢያውቁትና 991 ሲደውሉ ምላሽ እንደሚያገኙ ቢተማመኑ ብዙ ነው።

ካዛንቺስ፦ መብራቱ ሲበራ፣ ጎረቤቱ ሲሄድ

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በአሁኑ ጊዜ የቅንጅትን ሌላ ገጽታ እያሳየ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስን አዳርሷል። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛ መንገድና መብራት መጥቷል። ነባር ነዋሪዎች ደግሞ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛውረዋል።

ብርሃንና ሰፊ መንገድ ደኅንነትን እንደሚያግዙ ከላይ ታይቷል። ሆኖም ሮበርት ሳምፕሰንና ባልደረቦቹ በቺካጎ 343 ሰፈሮች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ሚዛን ጨምሯል። የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ ሲተማመንና ልጅ ሲያጠፋ «ተው!» ለማለት ሲደፍር፣ ያ ሰፈር ድሃም ቢሆን ኃይል የተቀላቀለበት ወንጀል ይቀንስበታል። ይህ መተማመን በየበሩ ለዓመታት በቡና የተገነባ ነው። ከነዋሪው ጋር ይሄዳል፤ ወይም በየአቅጣጫው ሲበተን ይጠፋል። የጥበቃ ካሜራ የሚያጠፋውን ልጅ ያየዋል እንጂ በስሙ ጠርቶ «ያባትህን ልጅነት አስብ» አይለውም።

ስለዚህ የአንድ ሰፈር ነዋሪ ሲዛወር የቤቶች፣ የሰላምና ጸጥታ፣ የፖሊስና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አብረው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። ዕድሩ ሳይበተን አብሮ የሚሄድበት መንገድ ተመቻችቷል ወይ? በአዲሱ ሰፈር ባቡርና አውቶቡስ ሳይገባ፣ የፖሊስ ማዕከል ሳይከፈት፣ ትምህርት ቤት ሳይደርስ ሰው ከገባ፣ ከሦስቱ ሁኔታዎች ሁለቱ ራሳቸው ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

ጠረጴዛውና ጥቆማው የሚለያዩበት መስመር

መሥሪያ ቤቶች መረጃ ይጋሩ ሲባል ብዙ ኢትዮጵያውያን ልባቸው ቢፈራ ምክንያት አላቸው። ቀበሌ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ሲቋቋም ቤት ኪራይ ከመሰብሰብ ጀምሮ የሰፈሩን ጉዳይ እንዲያስተዳድር ታስቦ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በቀይ ሽብር ጊዜ ያው ቀበሌ ልጆች የሚታደኑበት፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የሚጠቁምበት ሆነ። ያ ትውስታ በየቤቱ አለ።

ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የተደረጉ ጥናቶችም ይህን ያነሳሉ። በአማራ ክልል በየቀበሌው አንድ የማኅበረሰብ ፖሊስ ባለሙያ ተመድቦ ከነዋሪዎች አማካሪ ምክር ቤትና ከግጭት ፈቺ ኮሚቴ ጋር እንዲሠራ የተደረገበትን አሠራር፣ ራሳቸው ነዋሪዎቹ የሚመዝኑት በሁለት ዓይን ነው፤ ጠብን ቶሎ ያበርዳል ወይ፣ ሰውንስ ለፖለቲካ ክትትል ያጋልጣል ወይ።

መስመሩ የሚሰመረው እዚህ ላይ ነው። የካርዲፏ መዝጋቢ የላከችው ቦታን፣ ሰዓትንና መሣሪያን ነው። የማንም ስም አልነበረበትም፤ ግን ለመሥራት በቂ ነበር። የላንቻው ጥግም እንዲሁ ነው። የጠፉት ሲሞች ብዛትና ቦታ፣ የተበላሸው አምፖል፣ የትርምሱ ሰዓት ሁሉ ስለ ቦታ የሚናገሩ ናቸው። ስለ ሰው የሚናገር መረጃ ሲያስፈልግ ሌላ በር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ተቋማት የሰውን መረጃ እንዴት ሊይዙ እንደሚገባ ይደነግጋል። ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ስም ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሲሄድ እርዳታ ነው፤ በተጠርጣሪ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ግን ልጁንም ትምህርት ቤቱንም ያስከዳል። ወላጅ ትምህርት ቤቱን ማመን ካቆመ፣ ታማሚ ለሐኪሙ ካልነገረ፣ መረጃው ራሱ ይደርቃል።

በወሩ መጨረሻ ምን ይቆጠር?

እንግዲህ በወረዳው አዳራሽ አንድ የቅንጅት ስብሰባ ሲደረግ የሚገኝ ነዋሪ ጥቂት ነገሮችን ሊመለከት ይችላል። የሚነገረው ስለ «ወረዳችን» በጠቅላላው ነው ወይስ ስለ አንድ የተለየ ጥግና ሰዓት? ጤና ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ተገኝተዋል ወይስ ፖሊስና ሰላምና ጸጥታ ብቻ ናቸው? ባለፈው ወር መብራቱን ለመጠገን ቃል የገባው መሥሪያ ቤት ስሙ ተጠርቶ ተጠይቋል? ተራ አስከባሪው ተጋብዟል?

ሌላም ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ላንቻ ላይ መብራት ቢበራ መንታፊው ወደ ሪቼ ወይም ወደ ጎተራ አይሄድም ወይ? ይህ ስጋት የብዙ ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል። ዴቪድ ዋይስበርድና ባልደረቦቹ በጀርሲ ሲቲ ከተማ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ፖሊስ ትኩረት ባደረገባቸው ቦታዎች ዙሪያ ያሉ መንገዶችን ቆጥረዋል። ወንጀሉ ወደ ጎረቤት መንገድ አልተሻገረም፤ ይልቁንም ጎረቤት መንገዶቹም በመጠኑ ተሻሽለው ተገኙ። አጥፊም እንደ ማንኛውም ሰው የለመደው ቦታ፣ የሚያውቀው ማምለጫና የሚመቸው ሰዓት አለው።

ይህን በላንቻ ለማረጋገጥ የሚፈልግ ወረዳ ከሥራው በፊትም በኋላም መቁጠር ይኖርበታል፤ ከላንቻ ጋር የጠመንጃ ያዥንና የነፋስ ስልክን ጥጎች ጭምር፣ ከፖሊስ መዝገብ ጋር የጤና ጣቢያውንና የሲም መተኪያ መስኮቱን ቁጥር ጭምር። የፖሊስ መዝገብ ብቻውን ሊያሳስትም ይችላል። ሰው በፖሊሱ ማመን ሲጀምር ብዙ ስለሚያመለክት፣ ወንጀል እየቀነሰ ሳለ የተመዘገበው ቁጥር ሊጨምር ይችላል። አንድ ወረዳ እነዚህን ቁጥሮች እንዴት አድርጎ እንደሚያነብባቸውና ከአጋጣሚ መለዋወጥ እንዴት እንደሚለያቸው የሚቀጥለው ምዕራፍ ያብራራል።